ልጅ ሲያንኮራፋ የቱ ይቅደም? ስልኩ፣ የጣት መለኪያው፣ አንገት በላይ ሐኪሙ ወይስ የእንቅልፍ ላብራቶሪው

እናቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ የመጣች ሰሞን ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምትተኛው። በሦስተኛው ሌሊት መጥታ ቀሰቀሰችኝ። «ተነሽ፣ ይቺን ልጅ ስሚያት» አለችኝ። በባዶ እግራችን በሩ ላይ ቆመን አዳመጥን። የአምስት ዓመት ልጄ እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች። ከዚያ ዝም። ደረቷ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ድምፅ ግን የለም። ዝምታው ሲረዝም እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። በመጨረሻ ልጅቷ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየር ሳብ አድርጋ ተገላበጠች።

«እንጥሏ ወርዶ ነው» አለች እናቴ።

ጠዋት ቡና ላይ ጎረቤታችን «ቶንሲል ነው፣ ቶሎ አስወጪላት» አሉኝ። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ የጣት ኦክስጅን መለኪያ አዘዘ። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ «ስሊፕ ስተዲ ሳይደረግላት ማንም እንዳይነካት» አለች፤ ላብራቶሪ አድሮ የሚደረገውን የእንቅልፍ ምርመራ ማለቷ ነው። አራት ሰው፣ አራት መንገድ። ከእንጥሉ በቀር ሁሉንም ሞክረናቸዋል፤ ያውም ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀን። ሐኪም አይደለሁም። ግን ዛሬ እንደገና ብጀምረው የቱን እንደማስቀድም አውቃለሁ።

ሌሊት የምታዩት ምንድን ነው?

ምርመራ ከመምረጥ በፊት ይሄ ይመለስ። «ልጄ አልተኛም ይላል» እና «ልጄ ተኝቶ ትንፋሹ ይቋረጣል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚወስዱትም ወደ ተለያየ ሐኪም ነው።

ከትንፋሹ ልጀምር፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። ጉንፋን ሲይዘው የሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ሐኪሞች ጆሯቸውን የሚያቆሙት ልጁ ደህና ሆኖ ሳለ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲያንኮራፋ ነው። ከመቶ ልጆች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ችግር አለባቸው። ተኝተው ሳለ የአየር መንገዳቸው ይጠባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባሉት ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ጉሮሮው ገና ጠባብ ነው፤ ቶንሲሉና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ደግሞ ከጉሮሮው አንፃር ትልልቅ ናቸው። ከማንኮራፋቱ ጋር ልጁ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል? ትራሱ በላብ ይርሳል? አልጋ ላይ መሽናት ትቶ ከቆየ በኋላ ተመልሶበታል? ጠዋት ራሱን ያመዋል? ቀንስ? እኛ አዋቂዎች እንቅልፍ ሲያንሰን እናንቀላፋለን። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል። የኛዋ አስተማሪ «አንድ ቦታ አትቀመጥም» ብላ ስትጽፍልን ጸባይ መስሎን ተቆጥተናታል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው ሌሊት ብድግ ብሎ መጮህ ነው። ተኝቶ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየ ይነሳል፤ ዓይኑ ተገልጧል፤ እናቱን አያውቃትም፤ ጠዋት ምንም ትዝ አይለውም። ተራው ቅዠት ግን ወደ ንጋት ነው የሚመጣው። ልጁ ነቅቶ ያየውን ይነግራችኋል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪ አያስፈልጋቸውም። እኛ ሰፈር ጠበል ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ የሚከለክል የለም። ቪዲዮውን ግን ቅረጹ። ምክንያቱም አጭር ከሆነ፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ፣ ሁልጊዜም ያው እጅ የሚገተር ወይም ያው አፍ የሚጣመም ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ያ ጉዳይ የነርቭ ሐኪምና የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይፈልጋል።

ጎረምሳ ልጅ «ዱካክ ተጫነኝ» ቢላችሁ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው ከሆነ፣ ሲስቅም ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ ግን ነገሩ ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላል። ይሄኛውን የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ሌሊቱን አስተኝተው ይመረምሩታል፤ በማግስቱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ፣ አራት አምስት ጊዜ፣ አጭር እንቅልፍ እንዲተኛ ያደርጉታል።

«እግሬ ላይ ጉንዳን ይሄድብኛል» እያለ አልጋ ውስጥ የሚራገጥ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረግለት። የሚታየው ፌሪቲን ነው፤ የብረት ማዕድን ክምችቱን የሚያሳየው ቁጥር። ለተራ ደም ማነስ በቂ የሚባለው ለእግሩ ላይበቃ ይችላል፤ ከ50 በታች ሲሆን የእንቅልፍ ሐኪሞች ብረት መስጠት ያስባሉ። እግረ መንገዴን፣ ለልጅ ከምግብ ጋር ሻይ መስጠቱን እኛ ቤት አቁመናል። ሻይ ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

ጥርስ ማፋጨት? እናቴ «ኮሶ ነው» ትላለች። አብዛኛው ልጅ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል። ከማንኮራፋት ጋር ከመጣ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

ዝም ብሎ አልተኛም የሚል ልጅ ላይ ላብራቶሪ ብር ማባከን ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የእንቅልፍ ልማድ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ወይም በቤት ውስጥ ሥርዓት ማስያዝ ነው። ሰዓቱን ለማነጻጸር፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ጎረምሳው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከረሜላ የሚመስለውን ሜላቶኒን ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ቁጥጥር አይደረግበትም። በ2023 የታተመ አንድ ምርመራ 25 ዓይነት ሜላቶኒን ከረሜላ ወስዶ የ22ቱን መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር የማይገጥም ሆኖ አግኝቶታል።

ስልኩ ወይስ የጣት መለኪያው?

ስልኩ። ያለ ምንም ማመንታት።

ባለቤቴ ያዘዘው መለኪያ በሁለት ቀን ደረሰ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቷ ላይ ሰካነው። 97። ከዚያ 96። ከዚያ 81! ባለቤቴ መኪና ቁልፍ ፍለጋ ወጣ። እኔ ስነካት ልጅቷ በሰላም ትተነፍሳለች፤ መለኪያው ከጣቷ ጫፍ ተንሸራቶ ነበር። እንደዚህ ያለው ዕቃ የዚያችን ደቂቃ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌሊቱን ሙሉ አይመዘግብም። ልጅ ሲገላበጥ ይሳሳታል፤ ጥፍር ላይ ሂና ወይም ቀለም ካለም ይሳሳታል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዕድሉ ይበልጣል። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም እኔ «ቁጥሩ ደህና ነው» ብሎ መተኛቱን ትቼዋለሁ።

ሐኪም አዝዞ የሚሰጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበው መለኪያ ሌላ ነው። እሱ ላይ ኦክስጅኑ በተደጋጋሚ፣ በተከታታይ ሲወርድ ከታየ ከባድ ማስረጃ ነው። ምንም ካልታየ ግን ልጁ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ልጆች ኦክስጅናቸው ሳይወርድ በፊት ከእንቅልፋቸው እየባነኑ ሌሊቱን ሙሉ ይታገላሉ። እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓትም መቼ እንደተኛና መቼ እንደነቃ ይገምታል እንጂ የልጅን ትንፋሽ ለመመርመር አይሆንም።

ቪዲዮው ግን ሐኪሙን የሚያሳምን ነገር ነው። ቀጠሮ ላይ ልጁ ነቅቶ፣ ሳቅ ብሎ ነው የሚቀርበው። ሐኪሙ ሌሊቱን ከየት ያየዋል? ስትቀርጹ ትንሽ መብራት አብሩ። የሌሊት ልብሱን ወደ ላይ ሰብስቡት። ፊቱ፣ ደረቱና ሆዱ በአንድ ላይ ይታዩ። ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ያንን ነው። ድምፁ ይሰማ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አንዱን ግን ወደ ንጋት ቅረጹ፤ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ያኔ ስለሆነ መዘጋቱም ያኔ ይብሳል። ከቪዲዮው ጋር የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ መቼ አልጋ ገባ፣ መቼ ተኛ፣ ስንቴ ነቃ፣ ቀን ተኝቷል ወይ፣ ቅዳሜና እሑድስ።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም ጨቅላ ሕፃን ትንፋሹ ሲቋረጥ ካያችሁ ቪዲዮ የለም፣ ማስታወሻ የለም። አሜሪካ ካላችሁ 911፤ ሌላ አገር ካላችሁ በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል።

የሕፃናት ሐኪም ወይስ በቀጥታ አንገት በላይ?

እኔ በቀጥታ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። አፏን አስከፍቶ አየ፤ «ቶንሲሏ ትልቅ ነው» አለ፤ ለቀዶ ሕክምና ቀን ሰጠኝ። ሁሉም ነገር ከአሥር ደቂቃ በታች። ቪዲዮውን ላሳየው ስልኬን ስከፍት ወደ በሩ እየሄደ ነበር።

ሰውየው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች ያለ እንቅልፍ ምርመራ ነው ቶንሲላቸው የሚወጣው። ባለሙያዎቹም ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ የሚያንኮራፋና ምልክት ያለው ልጅ የእንቅልፍ ምርመራ ቢደረግለት ይመረጣል፤ ካልተገኘ ሌላ አማራጭ ይፈለግ ይላል። የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ለሁሉም ግዴታ አያደርገውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምርመራው ይደረግ የሚለው ለነዚህ ነው፦ ከ2 ዓመት በታች ላሉ፣ ከመጠን በላይ ውፍረት ላላቸው፣ ዳውን ሲንድረም ላለባቸው፣ የፊት አጥንት አፈጣጠር ችግር ላለባቸው፣ የጡንቻና ነርቭ ሕመም ወይም ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ላለባቸው። የቶንሲሉ መጠንና የሌሊቱ ታሪክ የማይገጥም ሲሆንም እንዲሁ። ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ ምልክት ባይኖርም እንኳ 4 ዓመት ሳይሞላው አንዴ እንዲመረመር ይመከራል።

የቶንሲሉ መጠን ላይ ትንሽ ልቆይ። ቶንሲል በዓይን ትልቅ መሆኑ ችግሩ የቱን ያህል እንደከበደ አይናገርም። ትልቅ ቶንሲል ይዞ በሰላም የሚተኛ ልጅ አለ። ትንሽ ቶንሲል ኖሮት አዴኖይዱ አፍንጫውን የደፈነበት ልጅም አለ፤ አዴኖይድ ደግሞ አፍ በመክፈት አይታይም።

ስለዚህ የኔ ምርጫ የሕፃናት ሐኪም ይቅደም ነው። የልጁን እድገትና የደም ግፊት፣ የአለርጂና የአስም ታሪኩን አንድ ላይ የሚያየው እሱ ነው። ወደ አንገት በላይም ወደ ላብራቶሪም ሪፈራል ይጽፋል። ቀለል ላለው ችግር ለጥቂት ሳምንታት የአፍንጫ ስፕሬይ ሊሞክርም ይችላል። ሞንቴሉካስት የሚባለውን ክኒን ካዘዘ ግን ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ጠይቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስለጥፏል፤ የጸባይ ለውጥና ቅዠት ሊያመጣ ስለሚችል።

«ቶሎ ካልተቀደደ» ለሚለው ጭንቀትም መልስ አለ። በ2013 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 የሆኑ 464 ስሊፕ አፕኒያ ያለባቸውን ልጆች ለሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ ቶንሲላቸውና አዴኖይዳቸው ወጣ፤ ግማሾቹ በክትትል 7 ወር ጠበቁ። ከወጣላቸው 79 በመቶ፣ ከጠበቁት ደግሞ 46 በመቶ የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤናማ ተመለሰ። በትኩረት ፈተናው ሁለቱ ወገኖች ያን ያህል አልተለያዩም። በጸባይ፣ በሌሊት ምልክቶችና በኑሮ ጥራት ግን የወጣላቸው በግልጽ ተሻሉ። ከዚህ የማነበው ሁለት ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ግን ችግሩ በጣም ካልከበደ ለሦስት ወር የላብራቶሪ ቀጠሮ መጠበቅ ልጅን መበደል አይደለም። 79 በመቶ ማለት ደግሞ መቶ አይደለም፤ ከወጣ በኋላም ማንኮራፋቱ ከቀጠለ እንደገና መመርመር አለ።

ቤት የሚደረግ ምርመራ፣ የአዋቂ ላብራቶሪ፣ የልጆች ላብራቶሪ

የኢንሹራንሱ ሰው ስልክ ላይ «ቤት የሚደረገው ይረክሳል» ሊላችሁ ይችላል። ለአዋቂ ልክ ነው። ለልጅ ግን የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ባወጣው አቋም ስሊፕ አፕኒያን በልጆች ላይ ለመለየት አይመክረውም። ሽቦው ሲነቀል የሚሰካ ሰው የለም፤ የአንጎል ሞገዱም ብዙውን ጊዜ አይለካም።

በአዋቂ ላብራቶሪና በልጆች ላብራቶሪ መካከል ያለው ልዩነት መኝታ ቤቱ ውስጥ የተለጠፈው የቀጭኔ ስዕል አይደለም። አቆጣጠሩ ነው። አዋቂ ላይ ትንፋሽ ተቋረጠ የሚባለው 10 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ሁለት ትንፋሽ ያህል ካመለጠው ይቆጠራል። አዋቂ በሰዓት እስከ 5 ቢቋረጥበት ጤነኛ ይባላል፤ ልጅ ላይ ከ1 ካለፈ ችግር ነው። ስለዚህ ልጃችሁን በአዋቂ ሚዛን የሚመዝን ቦታ ከገባችሁ «ምንም የለውም» ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ቀጠሮ ስትይዙ ይሄን ጠይቁ፦ በዓመት ስንት ትንንሽ ልጆች ትመረምራላችሁ? ውጤቱን የሚያነበው የልጆች እንቅልፍ ሐኪም ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለካላችሁ? ስልኩን ያነሳው ሰው ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ። በኛ አካባቢ ዋሽንግተን ያለው ቺልድረንስ ናሽናልም ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስም የልጆች የእንቅልፍ ክፍል አላቸው። ሲያትል ላላችሁ ደግሞ ሲያትል ቺልድረንስ አለ።

ሌሊቱ ራሱ

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን እናቴ ልጅቷን አስቀምጣ ሹሩባ ሠራቻት። «ሆስፒታል ስትሄድ አምሮባት ትሂድ» ብላ። ድፍን ያለ፣ ጥብቅ ያለ፣ በቅባት የወዛ ሹሩባ። ማታ ቴክኒሺያኗ ስታየው ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአንጎል ሞገድ የሚያነቡት ትንንሽ ክቦች የራስ ቆዳውን መንካት አለባቸው፤ በቅባት ላይ አይያዙም። ሁለታችን ግራና ቀኝ ሆነን አንድ ሰዓት ያህል ፈታን። ስለዚህ፦ ቅቤም ቅባትም የለም፣ ፀጉር ታጥቦ ይምጣ፣ ሹሩባ ካለ ቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ።

መርፌ የለም። ማስተኛ መድኃኒትም የለም። ጭንቅላት ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ አገጭ ላይና እግር ላይ ሽቦ ይለጠፋል። ደረትና ሆድ ላይ ሁለት ቀበቶ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ ቀይ መብራት። ልጄን ከሁሉ ያስለቀሳት የአፍንጫው ቱቦ ነበር። ቴክኒሺያኗ መጀመሪያ ለአሻንጉሊቷ አደረገችላት፤ ከዚያ ተስማማች። አንድ ወላጅ እዚያው ክፍል ያድራል። እኔ እንቅልፍ ባይወስደኝም እሷ በአራት ሰዓት ግድም ጭልጥ አለች። «ይሄን ሁሉ ሽቦ ታስሮ ማን ይተኛል?» ለምትሉ፣ ልጅ ይተኛል። የሕልም እንቅልፍን ያገኘው ዩጂን አሰሪንስኪም ቺካጎ ውስጥ ማሽኑን መጀመሪያ ከሞከረባቸው አንዱ የስምንት ዓመት ልጁ ነበር፤ ሥራው የታተመው በ1953 ነው።

ለሌሊቱ ከላይና ከታች የተከፈለ የሌሊት ልብስ አልብሱ፤ ሽቦው መውጫ ይፈልጋል። የራሷን ትራስ ይዛችሁ ሂዱ። ያን ቀን ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ የለም። ጉንፋን ከያዛት ደውላችሁ ቀኑን አስለውጡ፤ አለዚያ የምትመረምሩት ጉንፋኑን ነው።

ክፍያውና ቋንቋው

ዋጋው በሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። «ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። ለኢንሹራንሱ የምርመራውን የክፍያ ቁጥር (ኮድ) ስጡት፤ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 95782፣ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ 95810። ያኔ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነና ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ሜዲኬይድ (መንግሥት ለአነስተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ያላቸው ልጆች ምርመራው ለሕክምናቸው አስፈላጊ መሆኑን ሐኪም ከጻፈላቸው እስከ 21 ዓመታቸው ይሸፈንላቸዋል። ቀጠሮው ሲርቅባችሁ «ሰው ሲሰርዝ ጥሩኝ» ብላችሁ አስመዝግቡ። እኛን ከሦስት ወሩ ውስጥ አምስት ሳምንት የቀነሰልን ያ ነው።

እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። «ትንፋሹ ይቋረጣል» እና «በኃይል ይተነፍሳል» ለሐኪሙ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ያንን አይለይም።

አገር ቤት ላሉት

የእንቅልፍ ላብራቶሪ ቅርብ በሌለበትም መንገድ አለ። የ2012ቱ መመሪያ ራሱ ላብራቶሪ ካልተገኘ ቪዲዮ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ የኦክስጅን መለኪያ፣ ወይም ወደ አንገት በላይ ሐኪም መላክ ይቻላል ይላል። አዴኖይዱን ለማየት በጎን የሚነሳ የጉሮሮ ራጅ ይረዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ወይም ችግሩ የከበደ ከሆነ ያን ሌሊት ሆስፒታል ይደር። «በዚያው ቀን ውሰዱት» ከተባላችሁ እንቢ በሉ።

እንጥል ማስቆረጥ ምርጫ ውስጥ አይገባም። ለእናቴ ይሄን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። የሷ እንጥል በልጅነቷ ተቆርጧል፤ «ምን ሆንኩ?» ትለኛለች። ልጆች ላይ መንገዱን የሚዘጋው በአብዛኛው ቶንሲሉና አዴኖይዱ ነው። እንጥሉን በምላጭ መቁረጥ ሁለቱንም አይነካቸውም። የሚያተርፈው መድማት፣ ማመርቀዝና ንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚተላለፍ በሽታ ነው። የተቀየረችው እኔ ስለተከራከርኳት አይደለም። ውጤቱ መጥቶ «በሰዓት 8 ጊዜ» የሚለውን ሳነብላት ነው። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ በሌሊቱ ሰዓታት አባዛችው።

ልጄ ቶንሲሏም አዴኖይዷም ወጥቶላታል። እናቴ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ፤ የጎረቤቷ የልጅ ልጅ ነው። መብራቱ በርቷል። ሸሚዙ ተሰብስቧል። ደረቱም ሆዱም ይታያል፤ ከጀርባ «ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ!» የሚል የእናቴ ድምፅ ይሰማል።